«አማቴ ለሠርጌ ሙሉ አሳማ ሊያስጠብሱ ነው»

ደብዳቤው፦

«ሊድስ የምኖር ነርስ ነኝ። እጮኛዬ እንግሊዛዊ ነው፤ ዮርክሻየር ገጠር ያደገ የገበሬ ልጅ። የምንጋባው የፊታችን ኦገስት 15 ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከተማ ሄደን እንፈራረማለን፤ ግብዣው ከሰዓት በኋላ በወላጆቹ መስክ ላይ በድንኳን ነው። 120 ሰው ጠርተናል። ግማሹ የእኔ ወገን ነው። አባቱ ‹ሆግ ሮስቱ የእኔ ስጦታ ነው› ብለው አዝዘዋል፤ ቀብድም ከፍለዋል። ሙሉ አሳማ እዚያው መስኩ ላይ ሊጠበስ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ቆራቢ ናት። አክስቶቼ ከለንደን ይመጣሉ። አብረውኝ ያደጉ ሁለት ሙስሊም የወሎ ልጆችም አሉ። ለእናቴ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። እጮኛዬ ‹ያልፈለገ አይብላ፣ ምን ችግር አለው?› ይላል። ላስቀረው? ልደብቀው? ወይስ ዝም ብዬ ልለፈው?
የነሐሴ ሙሽራ»

መልስ፦

እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ አለሽ። ቀጥዬ ግን ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ደብዳቤሽ ከላይ እስከ ታች ስለ አሳማ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በጨረፍታ የጠቀስሽው ቀን ነው።

ኦገስት 15 በእኛ ነሐሴ 9 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ይህ ኦገስት 7 ማለት ነው። የሚፈታው ነሐሴ 16፣ ኦገስት 22 ነው። ሠርግሽ የጾሙ መሀል ላይ ወድቋል። ፍልሰታን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ በሌላው ጾም የሚሰንፍ ሰው እንኳ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ የሚይዙት ጾም ነው። ቆራቢ እናትሽ በዚያ ቀን አሳማውን ይቅርና ዶሮ ወጡንም አይነኩትም። በፍልሰታ ተዳረች መባሉ ራሱ ከአሳማው በላይ ሊከብዳቸው ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ቀኑ ይንቀሳቀሳል ወይ? የሚለው ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ኦገስት 22 ነው፤ ጾሙ የሚፈታበት የነሐሴ 16 በዓል። መስኩ የአማቶችሽ ስለሆነ ከአዳራሽ ኪራይ ጣጣ ነፃ ነሽ። የሚቀሩት ሦስት ስልኮች ናቸው፦ ለጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ፣ ለድንኳን አከራዩ፣ ለሆግ ሮስት አቅራቢው። ሦስቱም እሺ ካሉሽ ግማሹ ችግርሽ አለቀ። የእናትሽን ቪዛና ትኬት ግን አብረሽ ተመልከቺ። ካልተቻለም አትደንግጪ፤ መንገድ አለው፣ እመጣበታለሁ።

(እግረ መንገዴን፣ እንግሊዝ አገር በበጋ ለማግባት ለምታስቡ ሌሎች አንባቢዎች፦ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ እስከ ሐምሌ 5 ዋዜማ የሐዋርያት ጾም ነው። ጁላይ 12 ይፈታል። ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። በሁለቱ መሀል ያሉት ጥቂት ቅዳሜዎች ወርቅ ናቸው። ቀድማችሁ ያዙ።)

አሁን ወደ አሳማው። ሆግ ሮስት ምን እንደሆነ ለማያውቁ ባጭሩ ልንገር። ሙሉ አሳማ ነው፤ ከነቆዳው፣ ብዙ ጊዜም ከነጭንቅላቱ። ቆዳው በቢላ ተሰንጥቆ ጨው ይታሻል። ከዚያ በጋዝ በሚሠራ ትልቅ መጥበሻ ወይም በእሳት ላይ በሚዞር ብረት ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበሳል። ከ50 እስከ 60 ኪሎ የሚመዝን አሳማ ከመቶ ሰው በላይ ያበላል። ሥጋው እንግዳ ፊት ተቆርጦ በክብ ዳቦ ውስጥ ይገባል። የፖም ማባያ፣ በሽንኩርትና በሴጅ ቅጠል የተቀመመ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ከላይም ደርቆ ኩርሽም የሚለው ቆዳ ይጨመርበታል። ለቆዳው ይሻማሉ።

የገጠር እንግሊዝ ሰው ለልጁ ሠርግ ይህን ሲያዝዝ እኛ ሰንጋ ስንጥል እንደማለት ነው። እኚህ ሰው አንቺን ሊያስከፉ አይደለም ያዘዙት። አክብረውሽ ነው። ስለዚህ «ላስቀረው?» ላልሽው መልሴ አይደለም ነው። የተከፈለ ቀብድና የአባት ስጦታ መመለስ ገና ሳትገቢ ከአማት ጋር መጣላት ነው። በግብዣው ከሚገኘው ሰው ግማሹ ደግሞ የእሳቸው ዘመድ፣ ጎረቤትና ወዳጅ ነው፤ እነሱም የሚበሉት ይፈልጋሉ።

«ልደብቀው?» ላልሽውም አይደለም። ሙሉ አሳማ የት ይደበቃል! ጠዋት የተለኮሰ መጥበሻ ሽታው ከሰዓት በኋላ መስኩን ሞልቶት ይጠብቃቸዋል።

እጮኛሽ «ያልፈለገ አይብላ» ሲል ከልቡ ነው። በእሱ አገር የምግብ ጉዳይ እዚያ ላይ ያበቃል፤ አትክልት ብቻ የሚበላው ለብቻው ይበላል፣ ሥጋ የሚበላው ይበላል፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። እናትሽ ዘንድ ግን ነገሩ ከአፍ ይጀምራል እንጂ እዚያ አያበቃም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ የተከለከለው መብላቱ ብቻ አይደለም፤ በድኑን መንካትም ነው። ስለዚህ እናትሽ አሳማውን ባይበሉም ቢላው፣ መቁረጫው ጣውላ፣ መቆንጠጫው፣ የአስተናጋጁ እጅ፣ ሁሉም ያሳስባቸዋል። «ይሄ ማንኪያ ከዚያኛው ጋር ተነካክቷል?» ብለው ከጠረጠሩ ሽሮውንም አይቀምሱትም። ከዚያ አክስቶችሽ አይቀምሱም። ከዚያ ግማሹ ድንኳን ጾሙን ይውላል። ይህን ለእጮኛሽ አስረጂው። የሚያስረዳው ካገኘ የሚገባው ሰው ይመስለኛል።

ለዚህ ነገር እኛ ከማንም በላይ ልምድ አለን። ወሎ ያደግሽ ልጅ ይህን ከእኔ አትማሪም። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ይደግሳል፤ ሙስሊም ያርዳል፣ ሙስሊም ያበስላል፣ ድስቱም ሳህኑም የተለየ ነው። ሙስሊሙ ሲድርም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ማንም ተገለልኩ ብሎ አይከፋም። እንዲያውም ለብቻው ካልተደገሰለት ነው የሚከፋው። ሁለት ማዕድ በአንድ ሠርግ የእናትሽ የራሳቸው ወግ ነው። አሳማ ስለተጨመረበት አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ አሠራሩን ያውቁታል።

ስለዚህ አሳማው ይምጣ፤ ግን ቦታውንና ሰዓቱን ይወቅ።

ሰዓቱ ይቅደም። የእንግሊዝ ሠርግ ላይ ሁለት ጊዜ ይበላል። ዋናው ምግብ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ይቀርባል፤ በእነሱ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። ማታ ደግሞ ጭፈራው ከደራ በኋላ ሌላ ቀለል ያለ ይመጣል። ሆግ ሮስት ለማታው በጣም የተለመደ ነው። አማትሽ ስጦታቸውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያቅርቡ። ያኔ ለማታ ብቻ የሚጠሩት የልጃቸው ጓደኞች ደርሰዋል፣ መጠጡም ሞቅ አድርጓል፣ ሞቅ ያለው ሰው ደግሞ ዳቦ በሥጋ ይፈልጋል። ትልልቆቹ የእኛ ሰዎች ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀው፣ ወደ ማረፊያቸው የሚሄዱበት ሰዓትም ያ ነው። ዋናው ማዕድ የአንቺ ወገን ይሁን።

ቦታው ደግሞ ከድንኳኑ ውጭ፣ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ ሽታውን ከድንኳኑ በሚያርቅበት በኩል። ይህ ለእናትሽ ብቻ አይደለም። የጋዝ መጥበሻ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ መለኮስ የእሳትም፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ የካርቦን ሞኖክሳይድም አደጋ አለው። ጥሩ አቅራቢ ራሱ እምቢ ይልሻል።

እንዲያውም አንድ የተሻለ አማራጭ አለ። ብዙ አቅራቢዎች አሳማውን በራሳቸው ወጥ ቤት ጠብሰው፣ ትኩስ እንደሆነ ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ያመጣሉ። መስኩ ላይ ከጠዋት ጀምሮ አይጨስም። ጭንቅላቱም ይቀራል። አማትሽ ትዕይንቱን ከፈለጉ ግን አይሆንም፤ እዚያው መጠበሱ ለብዙ ሰው የበዓሉ ግማሽ ነው። ያን ጊዜ በጨርቅ መጋረጃ ይከለል። ጭንቅላቱ እንዲነሳ መጠየቅ ነውር የለውም። ከእንግሊዞቹም የማይወዱት ሞልተዋል።

ከአቅራቢው ጋር ስትነጋገሪ አንድ ነገር አደራ፦ ድንቹን ጠይቂ። ከአሳማው ጋር የተጠበሰ ድንች ይዘው ይመጣሉ። ድንቹ ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው ከአሳማው በሚንጠባጠበው ስብ ነው። ጾመኛ ሰው «ድንች እኮ ነው» ብሎ ያነሳዋል። የሥጋው መረቅም እንደዚያው ነው፤ የቅመም ፍርፋሪው ውስጥም የአሳማ ቋሊማ ሊኖር ይችላል። ቅጠላ ቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ ማዮኔዝ አሳማ የለበትም፤ እንቁላል ግን አለው። ኬክና ጣፋጭ ላይም ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ) ከምን እንደተሠራ ይጠየቅ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ምንም ነገር ወደ እናንተ ጠረጴዛ አይሻገር፤ ዳቦውም ቢሆን። በአማርኛ በትልቁ «የአሳማ ሥጋ» ተብሎ ይጻፍበት። ሥጋው ዳቦ ውስጥ ሲገባ አይለይም፤ ልጆች ደግሞ የሚሸት ነገር ባለበት ይሄዳሉ።

የሚበላውን ሰው ቁጥርም አስተካክሉ። ከ120ው ግማሹ የማይበላ ከሆነ ሙሉ አሳማ ለምን? አጥንቱ የወጣ፣ የተጠቀለለና የታሰረ የአሳማ ሥጋ ለ60 ሰው ይበቃል። ገንዘብም ይቆጥባል፤ ዓይንም ላይ አይገባም። አማትሽ «ሙሉ ካልሆነ ሠርግ አይባልም» ካሉ ግን አትከራከሪያቸው። ገንዘቡም ልጁም የእሳቸው ነው።

«በግ ይጨመርበት፣ ሁሉም ይደሰታል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። አቅራቢዎቹ በግም ይጠብሳሉ፤ አንድ በግ 30 እና 40 ሰው ያበላል። ግን አስቢው። ሠርጉ ኦገስት 15 ከሆነ በጉም ፍስክ ነው። 22 ከሆነ ደግሞ ማን አረደው? ሐላል ከሆነ የወሎ ጓደኞችሽ ይበላሉ፣ እናትሽ ላይበሉ ይችላሉ። ካልሆነ ደግሞ የተገላቢጦሽ። በዚያ ላይ የሚጠበሰው ትናንት አሳማ በተጠበሰበት ማሽን ነው። ለበጉ የምታወጪውን ለአገራችን ምግብ አውጪው።

የጾም ማዕድ የሚባለው ነገር ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍት። እናትሽ ይበሉታል፣ የወሎ ልጆች ይበሉታል፣ ሥጋ የማይበሉት የእጮኛሽ ጓደኞችም ይበሉታል። ቀኑ ካልተንቀሳቀሰ ዋናው ማዕድ ይኸው ነው፤ አንድም ሰው አያጎድልም። ለሙሽራው ዘመዶች ዶሮ ጥብስ በሌላ ጠረጴዛ ጨምሩላቸው። ዓሣ ግን ተይው። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ሠርግሽ ላይ የሚከፍት ጠላትሽ ብቻ ነው። ቀኑ ወደ 22 ከሄደ ደግሞ ዶሮ ወጡ ይጨመራል።

ማን ያበስላል? አክስቶች እንደሚሉሽ አውቃለሁ። «እኛ እያለን ለምን ገንዘብ ታወጫለሽ» ይላሉ። ለዘመድ ሠርግ አንድ ጊዜ ማብሰል የንግድ ፈቃድ አይጠይቅም። በገንዘብ የሚሠሩ ሴትዮ የምትይዢ ከሆነ ግን በአካባቢያቸው ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የተመዘገቡ መሆናቸውን ጠይቂ፤ ምዝገባው ነፃ ነው፣ ሥራ ከመጀመሩ 28 ቀን በፊት መደረግ አለበት። ሆግ ሮስት አቅራቢውንም እንዲሁ፤ ከ0 እስከ 5 የሚሰጠውን የንጽሕና ደረጃ በድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ኢንሹራንስና የጋዝ ዕቃው ምርመራ ወረቀት ካለው ሳያንገራግር ያሳይሻል።

የሚያስፈራኝ ወጡ አይደለም፣ መንገዱ ነው። ከለንደን ሊድስ ወደ 4 ሰዓት ያስነዳል። በኦገስት ሙቀት፣ ለብ ያለ ድስት በፎጣ ተጠቅልሎ በመኪና ኋላ! ይህን ያላየ ሐበሻ የለም። ለብ ያለ ምግብ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ትኩስ ምግብ ከ63 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ8 በታች መያዝ አለበት። ስለዚህ ወጡ ከዋዜማው ይሠራ፣ በትንንሽ ሰፋ ያለ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ ይቀዝቅዝ፣ ፍሪጅ ይደር፣ በበረዶ ሳጥን ይጓዝ። መስኩ ላይ መሀሉ ድረስ እንፋሎት እስኪወጣው ይሙቅ፤ ልኩ 70 ዲግሪ ለ2 ደቂቃ ነው። የሥጋ ቴርሞሜትር በጥቂት ፓውንድ ይገዛል። እንጀራው ሳይበርድ በላስቲክ አይታሰር፤ ያልበዋል። ጤፍ ብቻ ይሁን ወይስ ስንዴና ገብስ የተቀላቀለበት፣ አስቀድመሽ እወቂ። የእጮኛሽ ወገኖች መሀል በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማው ሰው ሊኖር ይችላል፤ «ጤፍ ነው» ብሎ መገመት አይበቃም።

አሁን ወደ ከባዱ። ማን ለማን ይንገር?

ለአማትሽ የሚነግራቸው ልጃቸው ነው። አንቺ አይደለሽም። ከአንቺ አፍ ሲወጣ «ምራቴ ስጦታዬን ናቀች» ይሆናል። ከልጃቸው ሲሰሙት የምግብ ፕሮግራም ነው። «አባዬ፣ አሳማው ማታ ይሁን፣ ከድንኳኑ ራቅ ይበል፣ የሙሽራዋ እናት በእምነታቸው አይነኩትም» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለመናገር ካቅማማ፣ እህቴ፣ የዚያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

ለእናትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። አክስትሽ በዋትስአፕ ቀድመው እንዳይነግሩብሽ ተጠንቀቂ። ደግሞ «እማዬ፣ አሳማ አለ» ብለሽ አትጀምሪ። መጀመሪያ ቀኑን፦ ለማንቀሳቀስ እየሞከርሽ መሆኑን። ከዚያ የእሳቸው ማዕድ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያበስለው፣ ድስቱና ማንኪያው የተለየ እንደሆነ። አሳማው መጨረሻ ይምጣ፤ የእሱ አባት በአገራቸው ወግ ማታ ለራሳቸው ሰዎች እንደሚያቀርቡ፣ የት እንደሚሆን፣ አጠገቡ ማለፍ እንደማይኖርባቸው። ፈቃድ አትጠይቂ፤ ፈቃድ ከጠየቅሽ እምቢ የማለት ግዴታ ይጥልባቸዋል። ምን እንደተዘጋጀ ንገሪያቸው። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። አዲስ አበባ ሆነው በስልክ የተቆጡት ዮርክሻየር ሲደርሱ በርዶላቸዋል።

ሥራም ስጪያቸው። ምግቡ ሲቀርብ ዳቦውን የሚቆርሱትና የሚመርቁት እሳቸው ይሁኑ፤ አማትሽም አጠገባቸው ይቁሙ። አስተርጓሚ መድቢ፤ ምላሱ የተፈታ ሰው፣ ምርቃቱን የማያሳጥር።

የትርፍራፊው ነገርም አለ። አቅራቢዎች የተረፈውን ሥጋ በትሪ አድርገው ለባለ ሠርጉ ይተዋሉ። አማቶችሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚገባው። እናትሽ እዚያ ቤት ያርፋሉ? ከሆነ ጠዋት ፍሪጁን ሲከፍቱ የሚያዩትን አስቢ። ወይ ሆቴል ይያዝላቸው፣ ወይ ትሪው ማታውኑ ከጎረቤቶች ጋር ይሂድ። አጥንቱንና ስቡን አቅራቢው ይዞ እንዲሄድ በውሉ ላይ ይጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ በጆሮሽ። የአጎትሽ ልጅ ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ዳቦ ይዞ ሲያኝክ ብታገኚው አላየሽም። ፊትሽን አዙረሽ ጨፍሪ።

ቀኑ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ የአንቺ ወገን ድግስ መልስ ላይ ይሁን። ኦገስት 15 የአማትሽ ግብዣና የጾም ማዕድ ይሆናል። መልሱ ደግሞ ከነሐሴ 16 በኋላ ለንደን ውስጥ፣ በእናትሽ ስም፣ ዶሮ ወጡም ክትፎውም ጠጁም ሞልቶ። አማቶችሽን በክብር ጥሪያቸው፤ በዚያ ቀን እንግዳ እነሱ ናቸው፣ የሚበላውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የእናትሽን የመመለሻ ትኬት ከዚያ በኋላ ግዢው። አዳራሹንም ከእንቁጣጣሽ ዝግጅቶች ጋር እንዳይጋጭብሽ ከአሁኑ ጠይቂ።